ስልትና ባለቤት፦ የሐረር ሳሎን ከፈረንሳዩ ጎን ሲታይ

«የፈረንሳይ ስልት ያለው የእንግዳ መቀበያ ክፍል» የሚለውን ርዕስ ስመርጥ ምሳሌዬን ሐረር እንደማገኝ አልተጠራጠርኩም ነበር። በሐሳቤ የነበረው ጀጎል ውስጥ ያለው «የራምቦ ቤት» ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስልቱ ጥቂት ልበል። በሉዊ 15ኛ ዘመን (1715–1774 እ.ኤ.አ.) የወንበርና የጠረጴዛ እግር ጎበጥ ያለ ነው፤ ቅርጹም ቅጠልና ዛጎል ይመስላል። በሉዊ 16ኛ ስልት ግን እግሩ ቀጥ ይላል፤ እንደ ግሪክና ሮም ዓምድም ቦይ ቦይ ይወጣለታል። ታዲያ እግሩ የሚነግረን ስልቱን እንጂ ዕድሜውን አይደለም። ምክንያቱም ሁለቱም ስልቶች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በብዛት ተቀድተዋል።

ስምም እንደዚሁ ሊያሳስት ይችላል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው በ1880፣ የሞተው ደግሞ በ1891 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ሙዚየም የሆነውን ቤት ያሠራው ግን ህንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ያውም ራምቦ ከሞተ በኋላ። ባለ ቀለም መስታወቱና በሥዕል ያጌጠው ጣሪያው ያምራል፤ ሆኖም በስሙ ብቻ የፈረንሳይ ሳሎን ልንለው አንችልም።

ለመሆኑ የሐረር የክብር ሳሎን የቱ ነው? መልሱ የሐረሪዎች ቤት ዋና ክፍል፣ ጊዲር ጋር ነው። እዚያ ወንበር አይፈለግም፤ መቀመጫው ከቤቱ ጋር አብሮ የተሠራ ነደባ የሚባል መደብ ነው። ነደባዎቹ አምስት ሲሆኑ ከፍታቸው ይለያያል፤ ማን የት እንደሚቀመጥም የታወቀ ነው። አሚር ነደባ የአባወራው ነው፤ ገብቲ ኤሔር ነደባ ደግሞ ስሙ እንደሚለው ከበሩ ኋላ ነው። ግድግዳው ላይ ስፌቱና ሳህኑ ተደርድሮ ይሰቀላል፤ ለመጽሐፍና ለዕቃ ማስቀመጫም ግድግዳው ራሱ ተቦርቡሮ ተበጅቷል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የፈረንሳይ ወንበር ቢሸጥ ሌላ ቤት ገብቶ ያው ወንበር ነው። ነደባ ግን ለሶፋ ቦታ ይሁን ተብሎ ከፈረሰ ተመልሶ አይገዛም። ከነደባው ጋር የአቀማመጡ ሥርዓትም ይሄዳል።

«ሳሎን»ንም «ቡፌ»ንም ከፈረንሳይኛ ወስደናል፤ ቃል መዋስ ነውር የለውም። ነገር ግን በዓለም ቅርስነት በ2006 እ.ኤ.አ. የተመዘገበውን ጀጎልን ስናጠና የውጭ ስም ከመፈለጋችን በፊት ነደባውን እንለካ፣ እንሣል፣ የቤቱንም ሰው እንጠይቅ እላለሁ።