መሪው ስለ ላላ መኪና

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት እንደ ተዘጋ እዚሁ ሰቆጣ በአጎቴ ጋራዥ ስሠራ ሰነበትሁ። በዚያ ካየሁት ሁሉ ይልቅ የአንድ ላንድ ክሩዘር መሪ ነገር ብዙ ስላስተማረኝ፣ ያጠፋሁትን ሳልደብቅ እነሆ እጽፍላችኋለሁ።

መኪናው የመጣው ከዝቋላ ወረዳ ከጽጽቃ ነው። እንደምታውቁት ከተማችን ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ወደ ተከዜ ቆላ የሚወርደው መንገድም ጠመዝማዛና አቧራማ ነው። ሹፌሩ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። «ቀጥ አድርጌ ብይዘው ወደ ጠርዙ ይስበኛል፤ ብመልሰው ደግሞ ቶሎ አይሰማኝም። ጠጅ እንደ ጠጣ ሰው ነው የሚሄደው» አሉና፣ በማግሥቱ ጠዋት ሰዎች ጭነው እንደሚወርዱ ነገሩን።

ወደ ጥፋቴ ከመሄዴ በፊት የመሪን አሠራር በአጭሩ ልግለጽ። መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የቀኙ ጎማ የሚዞርበት ክብ ከግራው ጎማ ክብ ያንሳል። ሁለቱ እኩል ቢታጠፉ አንዱ መሬቱን እየፋቀ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ከጎማዎቹ ጋር የተያያዙት ሁለት ክንዶች ወደ ውስጥ ዘንበል ተደርገው በአንድ ዘንግ ይያያዛሉ፤ በዚህም የውስጠኛው ጎማ ከውጭኛው የበለጠ ይታጠፋል። ይህን ለፈረስ ሠረገላ ያሰበው ጌኦርግ ላንከንስፐርገር የተባለ የሙኒክ ሠረገላ ሠሪ ነው። ነገር ግን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1818 ለንደን ላይ በመንግሥት መዝገብ ያስመዘገበው ሩዶልፍ አከርማን ስለ ሆነ፣ ዘዴው እስከ ዛሬ በአከርማን ስም ይጠራል። ለኔ እንደሚመስለኝ ፍርዱ ትክክል አይደለም።

በዘንጉ ጫፍና ጫፍ፣ በሰውነት ትምህርት እንደ ተማርነው እንደ ዳሌ መጋጠሚያ፣ የብረት ሉል በጽዋ ውስጥ ተቀምጦ ይዞራል። ጽዋው ግራሶ ተሞልቶ በላስቲክ ይሸፈናል። ላስቲኩ ሲቀደድ አቧራና ውሃ ይገባል፤ አቧራውም ከግራሶው ጋር ተለውሶ እንደ ሞረድ ሉሉን ይበላዋል።

እኔ ግን ይህን ሁሉ ሳልመረምር «የመሪው ሳጥን ነው» አልሁ። አጎቴ ለምሳ ሄደው ስለ ነበር፣ በሳጥኑ ላይ ያለውን ማስተካከያ ብሎን በጠመኔ ምልክት አድርጌ ግማሽ ዙር አጠበቅሁት። ሹፌሩ በግቢው ዞር ዞር ቢሉ መሪው ከበደ፤ ከታጠፈ በኋላም እንደ ልማዱ ወደ መካከል አልተመለሰም። ጎማዎቹ ግን እንደ በፊቱ ይዋልላሉ። አጎቴ ተመልሰው ነገሩን ሲሰሙ አልተቈጡም፤ «መጋጠሚያዎቹን በእጅህ ዳስሰሃል?» ብቻ አሉኝ። አለመዳሰሴን ስነግራቸው ብሎኑን ወደ ጠመኔው ምልክት አስመለሱኝ።

ከዚያ ምርመራው እንደ ገና ተጀመረ። ጎማዎቹ መሬት እንደ ረገጡ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞና ከኋላ ጎማዎች ፊትና ኋላ ድንጋይ ተደርጎ፣ ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥተው መሪውን በጥቂቱ ግራና ቀኝ ያወዛውዛሉ። እኔ ከሥር ተኝቼ መዳፌን በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ አሳርፋለሁ። የሚጋጠሙት ሁለቱ ብረቶች እኩል ከሄዱ ደኅና ናቸው፤ አንዱ ቀድሞ ሌላው ከዘገየ ግን ዓይን ያላየውን እጅ ያውቀዋል። ሳጥኑ ደኅና ነበር። በረጅሙ ዘንግ የግራ ጫፍ ላይ ስደርስ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር መዳፌን መታው፤ ላስቲኩም ተቀድዶ ነበር።

ሌላ በሽታ እንዳይኖር ደግሞ ሞተሩ ጠፍቶ የፊቱ በክሪክ ተነሣ፤ በጠንካራ ማቆሚያም ተደገፈ። ጎማውን ከግራና ከቀኝ ይዘን ስንነቀንቀው ዘንጉ ላይ ያለው ልልነት ታየ። ከላይና ከታች ይዘን ስንነቀንቀው ግን አልተንቀሳቀሰም። ቢንቀሳቀስ ኖሮ ፍሬን አስረግጦ መሞከር ነው፤ ልልነቱ ፍሬን ሲረገጥ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ጎማው የሚታጠፍበት መጋጠሚያ ነው።

ዕቃው ሰቆጣ አልተገኘም፤ ከወልድያ ማስመጣት ግድ ሆነ። ሹፌሩ «ለአሁኑ በብየዳ ያዙልኝ፤ ሁለት ቀን ከቆምሁ የልጆቼ እንጀራ ይቆማል» ብለው ለመኑ። አጎቴ እምቢ አሉ። «ጋሼ፣ ሉሉ ከጽዋው ቢወጣ አንዱ ጎማ መሪውን አይሰማም፤ የተበየደም ነገር በቁልቁለት ላይ ሲሰበር አስቀድሞ አይናገርም» አሏቸው። ሽማግሌው አዝነው ሄዱ፤ ማታ ግን ተመልሰው መኪናቸው ውስጥ አደሩ።

ዕቃው በሁለተኛው ቀን በአውቶቡስ መጣ። አጎቴ የቀኙንም ጫፍ አብረው አስመጥተው ነበር፤ አንድ ዕድሜና አንድ አቧራ የቀመሱ ናቸውና። አሮጌውን ለማውጣት የዳዶው መያዣ ሽቦ ይነቀላል፤ ዳዶው ይላላል እንጂ ፈጽሞ አይወጣም፤ ምክንያቱም ጥርሱን ከመዶሻ ይጠብቀዋል። ሉሉ ያለበት ብሎን ሾጣጣ ስለ ሆነ በቀዳዳው ውስጥ ተነክሶ ይቀመጣል። የሚመታውም ብሎኑ ሳይሆን የክንዱ ጎን ነው፤ በአንድ ወገን ከባድ መዶሻ ተደግፎ በሌላው ወገን ሲመታ ዘሎ ይወጣል። ከዚያ ጫፉን ከዘንጉ ስንፈታ ዙሩን ቈጠርን፤ አሥራ አራት ሆነ። አዲሱንም በአሥራ አራት ዙር አስገባነው። የአንዱ ጫፍ ጥርስ ወደ ቀኝ፣ የሌላው ወደ ግራ የተቈረጠ ነው፤ ስለዚህ ዘንጉ ራሱ ሲዞር ይረዝማል ወይም ያጥራል።

ቈጠራው ግን መነሻ ብቻ ነው። በጎማዎቹ ላይ ምልክት አድርገን ከፊት ለፊት በገመድ ለካን፤ መኪናውን ገፍተን ምልክቶቹ ወደ ኋላ ሲዞሩ እንደ ገና ለካን። ልዩነቱም በመኪናው መጽሐፍ ከተጻፈው ጋር እስኪስማማ ዘንጉን አዞርነው።

በመጨረሻ ዳዶውን ሳጠብቅ የሽቦው ቀዳዳ ሊገጥምልኝ ስላልቻለ ጥቂት ላላላው ስል አጎቴ እጄን ያዙኝ። «ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም» አሉ፤ አጥብቄ የሚቀጥለውን ቀዳዳ አገኘሁ። ሽቦውን ያጠፉት ግን ሹፌሩ ራሳቸው ናቸው፤ ጎንበስ ብለው ሁለት ጊዜ አዩትና ወደ ጽጽቃ ወረዱ።

አሮጌውን ጫፍ ለፊዚክስ መምህራችን ሰጥቻቸዋለሁ። በቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ ይገኛል፤ ልልነቱ እንዴት እንደሚሰማ ለማወቅ የሚፈልግ በእጁ ይዞ ሊነቀንቀው ይችላል።