በማይመነዘር ገንዘብ የሚደረግ የምግብ ጨረታ

ለመብል ደኅና የሆነ ነገር ግን ሳይሸጥ የቀረ ምግብ በብዙ አገሮች ሲጣል፣ በዚያው ከተማ ቤት የሌለውና ችግረኛው ጦሙን ያድራል። ይህን ለማቃናት በአሜሪካ የተሠራው ዘዴ ለነጋዴ ኹሉ የሚጠቅም ትምህርት አለው።

የመጀመሪያው የምግብ ባንክ በ1967 (ዓመታቱ ኹሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በአሪዞና ግዛት በፊኒክስ ከተማ በጆን ቫን ሄንግል አሳቢነት ተቋቋመ። የምግብ ባንክ ማለት ከፋብሪካና ከሱቅ የተረፈውን ምግብ በመጋዘን ተቀብሎ፣ ለመጠለያዎችና ድኆችን ለሚመግቡ ማኅበሮች የሚያከፋፍል ድርጅት ነው። ዛሬ ፊዲንግ አሜሪካ የሚባለው ማኅበር 200 ያህል የምግብ ባንኮችን ያስተባብራል።

እስከ 2005 ድረስ ድልድሉ በተራ ነበር። ማእከሉ ተራ ለደረሰው ባንክ ጭነት መኖሩን በስልክ ያስታውቀዋል፤ ባንኩም በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ይቀበላል ወይም ይተዋል። ማእከሉ የጭነቱን ክብደት ያውቃል እንጂ የተቀባዩን ጓዳ አያውቅም ነበር። እያንዳንዱ ባንክ ከአካባቢው ነጋዴዎች ሌላ ስጦታ ያገኛልና፣ በድንች ለታወቀው ለአይዳሆ ድንች ይላክ እንደ ነበር ይነገራል።

ስለዚህ የባንኮቹ ኀላፊዎች ከአራት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ጋራ መክረው፣ በ2005 በኮምፒዩተር የሚካሄድ ዝግ ጨረታ አቋቋሙ። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

ለእያንዳንዱ ባንክ «ሼር» የሚባል፣ ከጨረታው ውጭ የማይመነዘር ገንዘብ ይታደለዋል፤ ብዙ ችግረኞች ላሉበት ብዙ፣ ጥቂት ላሉበት ጥቂት። ጨረታው በሥራ ቀን ሁለት ጊዜ ይከፈታል። ከፍ ያለ ዋጋ የሰጠው ጭነቱን ይወስዳል፤ በቀኑ የተከፈለውም ሼር ሌሊት ለኹሉም ተመልሶ ይከፋፈላል። ሼር ያነሰው በብድር ሊጫረት፣ ዕቃ የተትረፈረፈበትም ለሌሎች ሸጦ ሼር ሊያገኝ ይችላል። ፈላጊ ላጣ ዕቃም ለሚያነሣው ሰው ሼር ይጨመርለታል።

በሚቺጋን የምግብ ባንክ ይመሩ የነበሩት ጆን አርኖልድ በገበያ እንደማያምኑ ገልጸው ነበር፤ ትልቁ ትንሹን እንዳይጐዳም ተሠግቶ ነበር። ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ። ደረቅ የቁርስ እህልና ፓስታ ሲወደዱ፣ በየስፍራው የሚበዛውና ቶሎ የሚበላሸው አትክልት ረከሰ። የአካባቢ ስጦታ የሚያንሰው ባንክ ርካሹን በብዛት ገዛ፤ ስጦታ የሞላለት ደግሞ የጐደለውን ጥቂት ነገር ብቻ በውድ ዋጋ ወሰደ። ከመምህራኑ አንዱ ካኒስ ፕሬንደርጋስት እንደ ጻፉት፣ ከለውጡ በኋላ የሚቀርበው ምግብ ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ማለት ከ450 ሺሕ ኩንታል በላይ ጨመረ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ዋጋ የጐደለው ነገር የት እንደ ሆነ የሚናገር መልእክተኛ ነው፤ ይህ ወሬ የሌለው ልግስና ዕቃውን ከማይፈለግበት ስፍራ ያደርሰዋል። የሚለግስ ነጋዴም የምግቡን ዐይነት፣ ብዛቱንና የሚበላሽበትን ቀን አስቀድሞ ቢያስታውቅ፣ ስጦታው ሳይበላሽ ለተራበው ይደርሳል፤ የራሱም መጋዘን ቶሎ ይለቀቅለታል።