ራውተር ምን ይሠራል? ከሞደም፣ ከስዊችና ከአክሰስ ፖይንት በምን ይለያል?

የዛሬው ትምህርታችን ሁላችንም ቤት ውስጥ ስላለ፣ ግን ስሙን በትክክል ስለማንጠራው ዕቃ ነው። ብዙዎቻችን ኢንተርኔት የሚያመጣውን ሳጥን ሁሉ «ራውተር» ወይም «ዋይፋይ» እንለዋለን። ስም መሳሳት በራሱ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው ዕቃ ልንገዛ ስንሄድ ነው።

እኔ የምኖርበት ሞንተሬይ ፓርክ በሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ የሚገኝ ሰፈር ነው። እዚህ ቤዝመንቱን ያከራየ አንድ ወዳጄ ኢንተርኔቱን ለተከራዩ ማካፈል ፈለገ፤ ተከራዩ ግን የላይኛውን ቤት ካሜራ፣ ፕሪንተርና ኮምፒውተር እንዳያገኝ ነው ሐሳቡ። ሱቅ ሄዶ ባለ 8 ቀዳዳ ስዊች ገዝቶ መጣ። «ኢንተርኔት ያካፍላል ተብዬ ነው» አለኝ። የነገሩት ውሸት አይደለም። ስዊች ያካፍላል፤ አይለይም። የሁለቱን ልዩነት ለመረዳት ከራውተር እንጀምር።

ራውተር፦ የቤታችን መዝገብ ቤት

የራውተር ሥራ የተለያዩ ኔትዎርኮችን ማገናኘትና መልእክት ከአንዱ ወደ ሌላው ማሳለፍ ነው። በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ እንዴት እንደሚገባና እንደሚወጣ አስታውሱ። መሥሪያ ቤቱ 50 ሠራተኛ ቢኖረውም በውጭ የሚታወቀው በአንድ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው። ወጪ ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል ቁጥር ተሰጥቶት ይወጣል። መልስ ሲመጣ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ መዝገቡን ገልጣ፣ የየትኛው ክፍል ጉዳይ እንደሆነ አይታ ታደርሳለች።

ራውተርም እንዲሁ ነው። ስልካችሁ ቤት ውስጥ 192.168.1.5 የመሰለ አድራሻ ይኖረዋል። በ192.168 የሚጀምሩ አድራሻዎች ለውስጥ አገልግሎት ብቻ የተመደቡ ስለሆኑ፣ የእኔም የእናንተም ስልክ አንድ ዓይነት ቁጥር ቢይዙ ችግር የለም። ወደ ኢንተርኔት ስትወጡ ራውተሩ ይህን አድራሻ በራሱ የውጭ አድራሻ ይተካል፣ ማን እንደላከው ይመዘግባል፣ መልሱ ሲመጣ ለባለቤቱ ያደርሳል። ይህ የአድራሻ ቅየራ ያስፈለገበት አንዱ ምክንያት የአይፒ ቨርዥን 4 አድራሻዎች በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ በመሆናቸው፣ ለየመሣሪያው አንዳንድ ማዳረስ ስለማይቻል ነው። ሌላም ጥቅም አለው፤ ማንም ሳይጠይቀው ከውጭ የመጣ መልእክት መዝገቡ ላይ ባለቤት ስለሌለው በተለመደው አሠራር ወደ ውስጥ አያልፍም።

ሌሎቹስ?

ሞደም አስተርጓሚ ነው። ከውጭ በሚመጣው መስመር የሚጓዘውን ምልክት ራውተሩ ወደሚገባው ቋንቋ ይቀይራል። ስለዚህ እንደ መስመሩ ይለያያል። ካልጋሪ ውስጥ ሮጀርስ (በ2023 ሻውን የገዛው) በኮአክሲያል ኬብል ሲያስገባ፣ ቴሉስ ደግሞ በፋይበር ያስገባል፤ ለፋይበር የሚያገለግለው ዕቃ ኦኤንቲ ይባላል። በአገር ቤት በስልክ ሽቦ ለሚመጣው ደግሞ የኤዲኤስኤል ሞደም አለ።

ስዊች የመሥሪያ ቤቱ ተላላኪ ነው። የትኛው መሣሪያ በየትኛው ቀዳዳ እንደተሰካ በማክ አድራሻው ያውቃል፤ ወረቀቱን ከክፍል ወደ ክፍል ያደርሳል። ከግቢው ግን አይወጣም። ተራ ስዊች ላይ የተሰኩ ሁሉ የአንድ ቤት ሰዎች ናቸው፣ እርስ በርስ ይገናኛሉ። የወዳጄ ችግርም እዚህ ላይ ነው።

አክሰስ ፖይንት በሽቦ የመጣውን ኔትዎርክ ወደ ዋይፋይ ይቀይራል። እሱም አይለይም፤ ያዳርሳል እንጂ።

ግራ የሚያጋባን አገልግሎት ሰጪዎች የሚሰጡን ሳጥን ብዙውን ጊዜ አራቱንም በአንድ ላይ መያዙ ነው።

ታዲያ ወዳጄ ምን አደረገ?

ስዊቹን መለሰ። የነበረው ራውተር ላይ የእንግዳ ኔትዎርክ የሚባለውን ከፍተን የተለየ ስምና የይለፍ ቃል ሰጠነው። ከዚያም እንግዳው ወደ ውስጥ ኔትዎርክ እንዲገባ የሚፈቅደው ምርጫ መዘጋቱን አረጋገጥን። አዲስ ዕቃ መግዛት አላስፈለገውም።

የእንግዳ ኔትዎርክ ከሌላችሁ ሁለተኛ ራውተር መግዛት ይቻላል። ከዋናው ራውተር የላን ቀዳዳ የሚወጣውን ገመድ በሁለተኛው የዋን ቀዳዳ ላይ ሰኩ። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ! ራውተር ከውጭ የሚመጣውን ይከለክላል እንጂ ከውስጥ የሚወጣውን አይከለክልም። ስለዚህ ሁለተኛውን ለተከራዩ ብትሰጡት፣ እሱ ወደ እናንተ መግባት ይችላል፤ እናንተ ግን ወደ እሱ አትገቡም። መጠበቅ የምትፈልጉት የራሳችሁን ዕቃዎች ከሆነ ከሁለተኛው ራውተር ጀርባ መሆን ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ሁለቱንም ወገን እኩል ለመጠበቅ ለእያንዳንዱ አንዳንድ ራውተር ከዋናው ላይ መሰካት ያስፈልጋል።

ከመግዛታችሁ በፊት

1. የገመድ ቀዳዳ ካነሳችሁ ስዊች ግዙ።
2. ዋይፋዩ ጓዳ ድረስ ካልደረሰ አክሰስ ፖይንት ግዙ።
3. ሁለት ቤተሰብ መለየት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ የእንግዳ ኔትዎርክ መኖሩን እዩ፤ ከሌለ ራውተር ግዙ።
4. ኢንተርኔት ከጠፋ የራውተሩን ገጽ (ለምሳሌ 192.168.1.1፤ ትክክለኛው ቁጥር ከሥሩ ተጽፏል) ክፈቱ። ከተከፈተ ዋይፋያችሁ ደህና ነው፤ ችግሩን ሞደሙ ወይም መስመሩ ላይ ፈልጉ።

አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት አከራይታችሁ ዋይፋይ ለምታካፍሉም ነገሩ ያው ነው። የዋናውን ዋይፋይ የይለፍ ቃል ለተከራይ ስትሰጡ ኢንተርኔቱን ብቻ ሳይሆን የቤታችሁን የውስጥ በር ጭምር እየከፈታችሁ መሆኑን አትርሱ።