ለበዛብህ ዕድሜ የቀጠልሽው እህቴ

ወረታ ተቀምጠሽ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ካለቀበት የቀጠልሽው እህቴ፣ ይህ ጽሑፍ ላንቺ ነው። በዛብህ ባይሞትስ ብለሽ ጠየቅሽ። ሰብለ ወንጌልን ከምንኩስናዋ መልሰሽ ጎጆ አወጣሻት። ጽፈሽ ስትጨርሺ ለምታውቂያቸው አንባቢዎች ሰጠሽ፤ ከዚያ ወረደብሽ። «የሐዲስን ሥራ አበላሸሽው።» «የራስሽን ብትጽፊ ምን አለበት?» «ሰብለ እንዲህ አትናገርም።» ደብተሩን ዘግተሽ ሣጥን ውስጥ ከተትሽው። አውጪው፤ ገና ብዙ ይቀረዋል።

ቁጣው ከየት እንደመጣ ልብ በይ። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙት ወዲህ ትውልድ በትውልድ ላይ አንብቦታል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ደግሞ ፊደል ያልቆጠረውም ሰምቶ አልቅሷል። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ጉዱ ካሣ ለብዙ ቤት የሥጋ ዘመድ ያህል ነው። እንዲህ የተወደደ ታሪክ ላይ እጅሽን ስታሳርፊ ዝም የሚልሽ ሰው ካለ አላነበበሽም ማለት ነው። የተቆጣሽ ግን እስከ መጨረሻው አንብቦሻል፤ ለጀማሪ ጸሐፊ ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

«የራስሽን ጻፊ» ለሚለው ነገር ብዙ አትጨነቂ። ሼክስፒር «ሮሜዎና ዡልዬት»ን የጻፈው አርተር ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1562 ካሳተመው ረጅም ግጥም ተነሥቶ ነው። ያንኑ ታሪክ ከበደ ሚካኤል በራሳቸው የአማርኛ ግጥም አወረዱት። ከሌላው ታሪክ መነሣት የድሮ መንገድ ነው፤ ዋናው ምን ይዘሽ እንደምትደርሺ ነው።

ደግሞስ የአገርሽን ሰው ረሳሽ? አለቃ ገብረ ሐና እኮ እንዳንቺው የፎገራ ሰው ናቸው፤ የተወለዱት ናበጋ ጊዮርጊስ ነው። ሕዝቡ ስማቸውን የሚያነሣው በቀልዳቸው ነው፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላው ሥራቸው ነው። እንደሚተረከው አለቃ ጣና ላይ ሳሉ ማዕበሉ ሲመላለስ፣ ደንገሉም በነፋሱ ወዲያና ወዲህ ሲዘም አይተው አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ። ዜማው የቅዱስ ያሬድ ነው፤ ቃሉን አልነኩትም። እርሳቸው የጨመሩት የሰውነቱንና የመቋሚያውን እንቅስቃሴ ነው። የሚወዱትን የቀደመ ሥራ ይዘው፣ ካደጉበት ውሃ ያዩትን ጨመሩበት።

የጎንደር ሊቃውንት ግን አልተቀበሏቸውም ይባላል። እነዚያ እንደ ዋዛ የሚታዩ ሰዎች አልነበሩም፤ ዕድሜያቸውን ለአቋቋም የሰጡ፣ እያንዳንዷን እንቅስቃሴ በቃላቸው የሚያውቁ መምህራን ናቸው። አለቃ ያን ጊዜ «እንግዲያው ይቅር» ቢሉ ኖሮ ነገሩ እዚያው በቀረ። እርሳቸው ግን ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ፤ ተክሌም ደብረ ታቦር ላይ አስፋፋው። ዛሬ ካህናቱ «ተክሌ» ብለው የሚዘሙት ይኸው ነው። ከወረታ ደብረ ታቦር ስንት ሰዓት ነው? በበዓል ቀን ሂጂና ቆመሽ እዪው።

እዚያው ሰፈርሽ ያለው ቅኔ ቤትም ያስተምርሻል። ተማሪው ቀኑን ሙሉ ጥግ ይዞ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቆሞ፣ ጓደኞቹ እየሰሙ ያሰማል። መምህሩ ያርማሉ፤ አንዳንዴም ከሥሩ ያፈርሱታል። ተማሪው ያፍራል፤ ነገ ግን ሌላ ጉባኤ ቃና ይዞ ይመጣል። እርማቱ የትምህርቱ አካል ስለሆነ በፈረሰ ቁጥር ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ አይገባም።

የሰው አስተያየት ልክ ወረታ ያለው የሩዝ መፈልፈያ ቤት እንደሚገባው እህል ነው፤ ገለባውም ፍሬውም በአንድ ጆንያ ይመጣል። «አበላሸሽው» ገለባ ነው፤ የትኛው ገጽ ላይ ምን እንደተበላሸ አይነግርሽም። «ሰብለ እንዲህ አትናገርም» ግን ፍሬ ነው። ደብተርሽን ክፈቺና ንግግሯን ብቻ አንብቢ። የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ፣ ጎጃም ውስጥ በባላባት ቤት ያደገች ሴት፣ በዛብህን «ይመችህ» ብላ ከሸኘችው አንባቢሽ እውነቱን ነው። «እግዜር ይከተልህ» አስብያት። አየሽ፣ በአንድ ቃል ሰብለ ተመለሰች! በስድቡ ምክንያት ይህን አስተያየት አብረሽ ጥለሽው ቢሆን ምን ያህል ትጎጂ ነበር።

ሁሉንም እሺ በይ ማለቴ ግን አይደለም። ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»ን በ1962 ዓ.ም. ሲያወጣ ብዙ አንባቢ ቋንቋው ከበደኝ አለ። ቋንቋውን አቅልሎት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የአማርኛ ልብ ወለድ ሲነሣ ከፊት የሚጠቀሰውን መጽሐፍ ባላገኘን ነበር። በዛብህ ይኑር ማለት ያንቺ ውሳኔ ነው፤ የታሪክሽ ምሰሶ እሱ ነውና ማንም ቢቆጣ አትንቀይው። ንግግሩን፣ ልብሱን፣ ዘመኑን ግን አንባቢ ሲያርምሽ እርሳስሽን አንሺ።

አሁን ወደ ሥራ። ቀጣዩን ምዕራፍ ወዳንቺ አገር አምጪው። ሁለቱ ጎጃምን ለቀው ይሰደዱ፤ ነሐሴ ላይ ርብ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው ይድረሱ። ወንዙን ማን ያሻግራቸዋል? የፎገራ ላም ያላት እመቤት ወተት ስትሰጣቸው ምን ብላ ትቀበላቸዋለች? ጭቃው እስከ የት ይውጣቸዋል? ይህን ካንቺ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ «የሐዲስ ነው» የሚልሽም አይኖርም፤ ውሃውም ጭቃውም የራስሽ ነው። ዛሬ ማታ አንድ ገጽ ጻፊ። ምዕራፉ ሲያልቅ ቀድሞ የሚያየው «ሰብለ እንዲህ አትናገርም» ያለሽ ሰው ይሁን፤ ቡና አፍልተሽ ጥሪውና የሰብለን ንግግር ድምፁን አሰምቶ እንዲያነብልሽ ጠይቂው። የተደናቀፈበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊ።