ላብና ብርድ በተራራ ጉዞ

የሚከተለውን ምንባብ ድምፅ ሳታሰሙ ካነበባችሁ በኋላ በግርጌው ለቀረቡት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።

ከደባርቅ ከተማ ተነሥቶ በሰሜን ተራሮች ላይ ወደ ራስ ዳሽን የሚያመራ እግረኛ የሚገጥመው ብርድ ከከፍታው ጋር እየበረታ ይሄዳል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ የራስ ዳሽን ጫፍ ግን ከ4500 ሜትር ይበልጣል። ከፍታው አንድ ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ ስድስት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀንስ፣ በደባርቅ 18 ዲግሪ በሚለካበት ሰዓት በጫፉ ላይ 8 ዲግሪ ገደማ ብቻ ሊሆን ይችላል። ነፋስ ሲታከልበት ደግሞ ብርዱ ከቁጥሩ በላይ ይሰማል።

ለእንዲህ ያለ ጉዞ የሚዘጋጅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ወፍራም ልብስ ስለ ማግኘት ነው። ይሁን እንጂ በተራራ ላይ መንገደኛን ለአደጋ የሚያጋልጠው የልብስ መሳሳት ብቻ ሳይሆን የገዛ ራሱ ላብ ጭምር ነው። ከጨነቅ ሰፈር ማልዶ ወደ ቧሂት ማለፊያ የሚወጣን ሰው ለአብነት ማንሣት ይቻላል። ጠዋት ስለ በረደው ካፖርቱን ቆልፎ ይነሣል። ዳገቱን ሲወጣ ሰውነቱ ይግላል፤ ላቡ ካናቴራውንና ሸሚዙን ያርሰዋል። ከማለፊያው ደርሶ ስንቁን ሊበላ ሲቀመጥ ሰውነቱ እንደ ቅድሙ ሙቀት አያመነጭም፤ ነፋሱ ግን አያርፍም። ውሃ ሙቀትን ከአየር ከሃያ ጊዜ በላይ ስለሚያስተላልፍ፣ የራሰው ልብስ የገላውን ሙቀት ይነጥቀዋል። መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፤ ቀጥሎም ጣቶቹ አልታዘዝ ይሉታል፤ አንደበቱ ይተሳሰራል። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች እየወረደ ሲሄድ ማስተዋል ይደክማል፤ በዚህ ጊዜ ሰውየው ራሱ መታመሙን ላያውቅ ይችላል።

የሚያሞቀው በአመዛኙ ጨርቁ ሳይሆን በጨርቁ ውስጥ ታምቆ የቀረው አየር ነው። ጋቢ አራት ድርብ በመሆኑ በየድርቡ መካከል አየር ይይዛል። በምሽት እሳት ዳር ለተቀመጠ ሰው ከደረቅ ጋቢ የሚሻል ልብስ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ጥጥ ውሃ ሲጠጣ አየሩ ይወጣል፤ ልብሱ ይከብዳል፤ ለመድረቅም ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ጋቢ ለማረፊያ እንጂ ለዳገት አይሆንም፤ በብርድ አገር ለሚጓዝ ሰው የጥጥ ካናቴራም አይመረጥም። የበግ ጠጉር ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ጭረቱ የተጠማዘዘ በመሆኑ አየርን አምቆ ይይዛል፤ ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት መጥጦ እንኳ የራሰ አይመስልም። የመንዝ ሰዎች ዝተትና በርኖስ ከበግ ጠጉር መሥራታቸው ከአገሩ ብርድ የተገኘ ዕውቀት ነው።

በመሆኑም ዐዋቂ መንገደኛ ከአንድ ወፍራም ልብስ ይልቅ ሦስት ስስ ልብሶችን ይደራርባል። ከገላው ላይ ቀጭን የሱፍ ወይም የፖሊስተር ካናቴራ ያደርጋል። በዚያ ላይ ሹራብ ወይም ፍሊስ የሚባለውን ለስላሳ ልብስ ይለብሳል፤ ይህ ከሰልባጅ ገበያም አይጠፋም። ከሁሉ በላይ ነፋስና ዝናብ የሚመልስ ጃኬት ይደርባል። የላስቲክ ዝናብ ልብስ ዝናቡን ቢመልስም የላቡን ተን መውጫ ስለሚነሣው ከውስጥ ያረጥባል። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ለገበያ የቀረበው ጎርቴክስ ቀዳዳዎቹ እጅግ ጥቃቅን በመሆናቸው የውሃን ጠብታ ከልክሎ ተንን ያሳልፋል። ዋጋው ውድ ነው፤ ይህም ሆኖ በብርቱ የሚያልበውን ሰው ላብ ሁሉ ለማስወጣት አይችልም።

ስለዚህ ከልብሱ ዐይነት ያላነሰ ዋጋ ያለው ልብሱን የማውለቂያውና የመደረቢያው ጊዜ ነው። መንገደኛው ጥቂት እየበረደው ይነሣል፤ ዳገቱ ሳይጀመር ሹራቡን ያወልቃል፤ ሲያርፍም ገላው ሳይቀዘቅዝ መልሶ ይደርባል። አንድ ደረቅ ካናቴራና ካልሲ ግን በፌስታል ተጠቅልለው ለሌሊት ይቀመጣሉ፤ ቀን የቱንም ያህል ቢበርድ አይነኩም።

ጥያቄዎች

ሀ. ወደ ቧሂት ማለፊያ የወጣው ሰው ካፖርት ለብሶ ሳለ ለብርድ የተጋለጠው ለምንድን ነው?
ለ. ጋቢ ለማረፊያ ተስማሚ ሆኖ ለዳገት የማይሆንበትን ምክንያት በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።
ሐ. «ታምቆ»፣ «ሲሶ»፣ «ተን» በሚሉት ቃላት ዐረፍተ ነገር ሥሩ።