የማይሰማ እግር እንዴት ይታጠባል?

አምበር ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በምሥራቅ ጎጃም የአነደድ ወረዳ ከተማ ናት። በዚህ አካባቢ እግር ማጠብ ለማንም አዲስ ትምህርት አይደለም። እንግዳ ሲመጣ፣ አባት ከእርሻ ሲመለስ፣ አያት ከገበያ ሲገቡ ውሃ ይሞቅና ከቤቱ ልጆች አንዱ ጎንበስ ብሎ ያጥባል፤ አጥቦም ይመረቃል። በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ ራሳቸው የምእመናኑን እግር ያጥባሉ። ስለዚህ የስኳር ሕመም ላለበት የጎጃም ሰው «እግርዎን ይታጠቡ» ማለት ለቀባሪ ማርዳት ነው። መነገር ያለበት ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ውሃው ምን ያህል ይሙቅ፣ እግሩ ውስጡ ምን ያህል ይቆይ፣ ማንስ ይጠበው የሚለው።

ይህን ጉዳይ ትንሽ የሚያወሳስብ ሌላ የእግር ሕመም በምሥራቅ ጎጃም አለ። ሰው በተለምዶ ዝሆኔ የሚለው፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ነው። ለዓመታት በባዶ እግር ቀይ አፈር ሲረግጡ ረቂቅ የአፈር ቅንጣቶች በቆዳ በኩል ገብተው የሚያመጡት እብጠት ነው። እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በ696 ሕሙማን ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት አለ። በሳሙና መታጠብን፣ በረኪና በተበረዘበት ውሃ መዘፍዘፍን፣ ቅባትን፣ ፋሻን፣ ካልሲና ጫማን ያካተተው ይህ ቀላል እንክብካቤ፣ እግሩን ድንገት እያጋለና እያሳበጠ ሰውን አልጋ ላይ የሚጥለውን ሕመም በ19 በመቶ ቀንሶታል። ለተራ ሳፋና ሳሙና ትልቅ ውጤት ነው።

የስኳር ታማሚው ግን ጎረቤቱን አይቶ እግሩን በበረኪና ውሃ ቢዘፈዝፍ ራሱን ይጎዳል። ሳፋው አንድ ቢሆንም ሥርዓቱ የተለያየ ነው። ሁለቱም ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ በራሱ ፍርድ ሳይሄድ ጤና ጣቢያ ጠይቆ ይወስን።

ልዩነቱ ከነርቭ ይጀምራል። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቮችን ይጎዳል፤ መጀመሪያ የሚጎዱት ረጃጅሞቹ፣ ማለትም እስከ እግር ጣት የሚደርሱት ናቸው። አንዳንዱ ሰው «ያቃጥለኛል፣ ጉንዳን የሚሄድብኝ ይመስለኛል» ይላል። ሌላው ምንም አይልም፤ ምክንያቱም ምንም አይሰማውም። ከሁለቱ ይበልጥ የሚያሰጋው ይኸኛው ነው፤ የሚያቃጥለው ሰው ቢያንስ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። የተጎዳው ነርቭ ላብንም ያስቀራል። ላብ ያጣ እግር ይደርቃል፣ ተረከዙ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁም ተሕዋስያን ይገባሉ። በዚህ ላይ የደም ሥሮች ከጠበቡ፣ ቁስሉን የሚጠግነው ደም በበቂ አይደርስም።

እንግዲህ ደረቅ ቆዳን ውሃ ውስጥ ማቆየት ያለሰልሰዋል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የተዘፈዘፈ ቆዳ እንደ ተነከረ ሽምብራ ያብጥና የተፈጥሮ ቅባቱን ያጣል፤ ሲደርቅ ከቀድሞው ይበልጥ ይሰነጠቃል። በረኪና፣ ጨው ወይም ዴቶል ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ይታጠቡ እንጂ አይዘፍዝፉ። በየቀኑ፣ ለብ ባለ ውሃና በተራ የገላ ሳሙና፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር አሽቶና አለቅልቆ ማውጣት በቂ ነው። የልብስ ሳሙና ቆዳውን ያደርቀዋልና ይቅር።

የውሃው ሙቀት ብቻውን ብዙ ሊወራለት ይገባል። አምበር ደጋ ናት፤ በክረምት ማታ ሙቅ ውሃ እንዴት እንደሚያስመኝ የምናውቅ እናውቃለን። ነገር ግን የደነዘዘ እግር ሙቅና ለብ ያለውን አይለይም፤ ሌላ ሰው ጮኾ የሚያወጣውን ውሃ ዝም ብሎ ይቀበላል፤ ቆዳው ውሃ ቋጥሮ የሚታየው ጠዋት ነው። ስለዚህ ውሃውን በእግር መሞከር ፈጽሞ አይገባም። በክርን ይሞከር፤ ከዚህም የሚሻለው ስኳር የሌለበት ሰው ቢሞክረው ነው፤ ሕመሙ ሲቆይ የእጅ ጣቶችም ሊደነዝዙ ይችላሉና። በዚያው ልክ፣ እግርን ወደ ምድጃ ወይም ወደ ከሰል አስጠግቶ መሞቅ ይቅር። እግር ከበረደው ካልሲ አለ።

ከታጠቡ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ፣ ሳይፈትጉ፣ እየተጫኑ ማድረቅ። ብዙ ሰው የሚረሳው የጣቶቹን መካከል ነው፤ እርጥበት እዚያ ሲከማች ፈንገስ ይበቅላል፣ ቆዳውም ይላጣል። ቫዝሊን ለእግር ጀርባ፣ ለውስጥ እግርና ለተረከዝ ይቀባ፤ በጣቶች መካከል ግን አይቀባ። ጥፍር በቀጥታ ይቆረጥ፣ ጥጉም አይቦርቦር። የጠነከረ ቆዳን በምላጭ መላጥ የስንቱን እግር እንዳስቆረጠ የሚያክም ሰው ያውቀዋል።

አሁን ማን ይጠበው ወደሚለው እንመለስ። እኔ እንደማስበው በገጠሩ ቤት ያለን ትልቁ ሀብት ያ ጎንበስ ብሎ እግር የሚያጥብ ልጅ ነው። ዕድሜ የገፋ ሰው የራሱን ውስጥ እግር ለማየት ወገቡ እሺ አይለውም፣ ዐይኑም ይደክማል። ልጁ ግን እግሩን በእጁ ይዞታል። «አባባ፣ እዚህ ጋ ቀልቷል» ለማለት የሚያስፈልገው ምን ማየት እንዳለበት መማር ብቻ ነው፤ የቀላ ወይም የጠቆረ ቦታ፣ ውሃ የቋጠረ ቆዳ፣ ስንጥቅ፣ የተሰነቀረ እሾህ፣ ሽታ፣ ከአንደኛው እግር ይልቅ የሞቀ ወይም ያበጠ ሌላኛው። ሳያም የሞቀና ያበጠ እግር በተለይ ችላ አይባልም፤ አጥንቱ ውስጥ ውስጡን እየተሰባበረ ሊሆን ይችላል።

ይኸው ልጅ እግሩ ይሰማ እንደሆነ ያለ ምንም መሣሪያ መፈተን ይችላል። ዘዴውን ያወጡት እንግሊዝ አገር በኢፕስዊች ከተማ ያሉ ሐኪሞች ናቸው። ታማሚው ዐይኑን ይጨፍናል። ልጁ በጣቱ ጫፍ የአውራ ጣቱን፣ የመካከለኛውንና የትንሿን ጣት ጫፍ በሁለቱም እግር፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሴኮንድ፣ ሳይጫንና ሳያሽ ይነካል። ታማሚው በተነካ ቁጥር «ነካኸኝ» ይላል። ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካመለጠው እግሩ የሚጠብቀውን ስሜት አጥቷልና ሐኪም ይየው። ልጁ እየጎተጎተ መልስ እንዳያስወጣ ብቻ አስቀድሞ ይነገረው።

ስለ ጫማ በአጭሩ፦ ቤት ውስጥም ቢሆን ባዶ እግር አይኬድ። ኮንጎ ጫማ ከባዶ እግር ይሻላል፤ ግን ያለ ካልሲ ይፍቃል፣ ላብና ጭቃም ይይዛል። ማንኛውም ጫማ ከመጫማት በፊት ይገልበጥና ይራገፍ፣ በእጅም ይዳሰስ፤ ጠጠር ረግጦ ሳያውቅ የሚውል ሰው አለ። ቤተ ክርስቲያን ጫማ ሲወልቅ ወፍራም ካልሲ ይደረግ፤ ሲመለሱም እግር ይታይ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቁስል ሊወጣ ይችላል። ጤነኛ ሰው እግሩ ሲቆስል ያነክሳል፤ ማነከሱም ቁስሉን ያሳርፈዋል። የስኳር ታማሚ ስለማያመው አያነክስም፤ ገበያ ይሄዳል፣ ቁስሉን በየርምጃው እየረገጠ ያሰፋዋል። አገራችን ይህን ትምህርት ከሥጋ ደዌ ታውቀዋለች፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው የአዲስ አበባው የሕክምና ማዕከል አለርት ሲያክም የኖረው ይህንኑ የማይሰማ እግር ነው። ስለዚህ «አያመኝም» የሚለው ቃል ከስኳር ታማሚ አፍ ሲወጣ የሚያጽናና ሳይሆን የሚያስቸኩል ነው። ቁስሉ በንጹሕ ውሃና ሳሙና ይታጠብ፣ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን፣ ቡናም አመድም ቅጠልም አይነስነስበት፤ እግሩም ሳይረገጥ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ጤና ጣቢያ ይድረስ። የጠቆረ፣ የሸተተ ወይም ትኩሳት ያስከተለ ከሆነ ማግስትም አይጠበቅ። በስኳር ምክንያት ከሚቆረጡት እግሮች 85 በመቶ ያህሉ የተጀመሩት በእንዲህ ያለ ቁስል ነው።

ለክትትል ሲሄዱ የጣት ደም ተለክቶ፣ መድኃኒት ተሰጥቶ መሸኘት የተለመደ ነው። እግር ግን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በባለሙያ መታየት አለበት፤ ስሜቱ ከጠፋ ደግሞ ቶሎ ቶሎ። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ማንም ሳይጠይቅዎ ጫማዎንና ካልሲዎን አውልቀው ይቀመጡና «እግሬንም ይዩልኝ» ይበሉ።