ስለ ፈረስ ጠባይና ስለ ሩቅ ጉዞ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የጦር ሚኒስትር የነበሩት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በፈረሳቸው ስም አባ መላ ይባሉ ነበር። መላ ማለት ብልሃት ነው። ፈረስንም ለሩቅ መንገድ የሚያበቃው ከጉልበቱ ይልቅ የገሪው ብልሃት ነው።

በውጭ አገር ፈረሶች በአንድ ቀን 160 ኪሎ ሜትር የሚሮጡበት ውድድር አለ። ይህም ከወልቂጤ ተነሥቶ አዲስ አበባ የመግባትን ያህል ነው። ገና ሲነሣ የሚፈነጭ፥ ከልጓሙም ጋር የሚታገል ፈረስ ኃይሉን በመጀመሪያው መንገድ ይጨርሳል። ጠባዩ የረጋው ግን በሶምሶማ እየሄደ ይደርሳል።

እንዲህ ያለ ፈረስ በአንድ ወር አይገኝም። ትንፋሹና ጡንቻው ፈጥነው ይበረታሉ፤ አጥንቱና ጅማቱ ግን ቀስ ብለው ይጠነክራሉ። ስለዚህ አስተዋይ ገሪ አስቀድሞ በእርምጃ፥ ኋላም በሶምሶማ ብዙ ወራት ያለማምደዋል፤ ከደከመም በኋላ ያሳርፈዋል። በአለንጋ የሚቸኩል ሰው ፈረሱን አንካሳ ያደርገዋል።

ፈረስ ከመንጋው መለየት አይወድም። ቢደክመውም እንኳ ባልንጀሮቹ ሲሮጡ አብሮ ይሮጣል፤ ድካሙንም በአንደበቱ አይናገርም። ስለዚህ በውድድሩ መካከል የእንስሳት ሐኪም አስቁሞ የልቡን ትርታ ይቈጥራል። ያረፈ ፈረስ ልብ በአንድ ደቂቃ ከ30 እስከ 40 ጊዜ ያህል ይመታል። በብዙ ውድድር ከተወሰነው ዕረፍት በኋላ ከ64 በላይ ቢመታ፥ ፈረሱ ፊተኛ ሆኖ የመጣ ቢሆንም ከሩጫው ይወጣል።

በቡታጅራ መንገድ ጋሪ የሚጐትተው ፈረስ ግን ትርታውን የሚቈጥርለት የለም። ላቡ ሲንጠባጠብ፥ ጐኑም ቶሎ ቶሎ ሲነሣና ሲወድቅ የሚያየው ባለ ጋሪው ብቻ ነው።